እዚያው መውለድ፣ እናትን ማስመጣት ወይስ አገር መግባት? ባሕር ማዶ ላለች የጎጃም ነፍሰ ጡር የንጽጽር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ጎረቤት ቡና ሲጠራን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ የአንዷ ልጅ ሪያድ፣ የሌላዋ ቶሮንቶ ወይም ሽቱትጋርት አርግዛለች፣ እዚያው ትውለድ፣ እናቷ ትሂድላት ወይስ እሷ ትምጣ? እኔ ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት ጀርመን ነው፤ የመጀመሪያውን ከባለቤቴ በቀር ማንም አጠገቤ ሳይኖር፣ ሁለተኛዋን ግን እናቴን አስመጥቼ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ከዓረብ አገር ነፍሰ ጡር ሆና ተመልሳ እዚሁ ማርቆስ ተገላግላለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን መንገዶች አብዛኞቹን ወይ በራሴ አልፌባቸዋለሁ፣ ወይ በቅርብ አይቻቸዋለሁ።

ጥያቄውን ከመመለስ በፊት ግን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። «የት ትውለድ?» ስንል መውለድንና መታረስን አንድ ላይ ጠቅልለን መጠየቃችን ነው። መውለድ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን የሚያልቅ፣ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚፈልግ ጉዳይ ነው። መታረስ ግን ቢያንስ አርባ ቀን የሚወስድ፣ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ሕፃኑን ተቀብሎ አራሷን የሚያስተኛ፣ ጠያቂ የሚያስተናግድ ሰው የሚፈልግ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ነጥሎ ያየ ቤተሰብ ምርጫው ይቀለዋል፤ ያልነጠለው ግን ወይ ለገንፎው ሲል ሐኪሙን፣ ወይ ለሐኪሙ ሲል እናቱን ያጣል።

ከምርጫው በፊት ቀኑን ማስታረቅ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ትኬቱም ቪዛውም የሚቆረጠው በመውለጃው ቀን ላይ ተመሥርቶ ነውና እናትና ልጅ የሚቆጥሩት ቀን አንድ መሆን አለበት። እናቶቻችን የሚቆጥሩት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ብለው ነው፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ ጌታ የተፀነሰበትንና የተወለደበትን ቀን ተከትለው። ሐኪሙ ግን የሚቆጥረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 40 ሳምንት ማለትም 280 ቀን ነው። እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ መቁጠር የምትጀምረው የወር አበባው ከቀረበት ቀን ስለሆነ የእሷ ቀን ከሐኪሙ በሦስት ሳምንት ገደማ ይዘገያል። በዚህ ላይ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚመጣ ልጅ ሁሉ በጊዜው መጣ ስለሚባል፣ ሐኪሙ የጻፈው ቀን ራሱ የቀጠሮ ቀን ሳይሆን መሐል ላይ የተተከለ ምልክት ነው። ሐኪሙ የሰጠውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ በወረቀት ጽፎ ለእናት መላክ ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ባለማድረጌ የከፈልኩትን ወደ ታች እናገራለሁ።

እዚያው፣ ከባለቤት ጋር ብቻ

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ክትትሉ አለመቋረጡ ነው። ያው ሐኪም፣ ያው ካርድ፣ ያው ሆስፒታል ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ይሁንና «ባሕር ማዶ» የአንድ አገር ስም አይደለም። ጀርመን ውስጥ ነፍሰ ጡሯ ሙተርፓስ የሚባል ትንሽ ደብተር ይሰጣታል፤ የደም ምርመራው፣ የደም ግፊቱ፣ በመደበኛነት የሚደረጉት ሦስት የአልትራሳውንድ ምርመራዎች ሁሉ የሚመዘገቡት በእሱ ላይ ነው። ተቀጣሪ ከሆነች ከመውለዷ በፊት 6 ሳምንት፣ ከወለደች በኋላ 8 ሳምንት በሕግ ትጠበቃለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሄባመ የምትባል አዋላጅ ቤቷ ድረስ ትመጣለች፤ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያም እስከ 12 ሳምንት እየተራራቀች፣ ሒሳቡን የሚከፍለው የጤና መድኑ ነው። ሆላንድ ከዚህም ያልፋል፤ የአራስ ረዳት ለስምንት ቀን ያህል በቀን ለተወሰነ ሰዓት ቤት ውላ እናትንም ሕፃንንም ትንከባከባለች። አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ምጥ የያዛትን ሴት ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሊመልሳት አይችልም፤ ሒሳቡ ግን በኋላ ይከተላታልና የመድን ነገር በመጀመሪያዎቹ ወራት ማለቅ አለበት። እንግሊዝ አገር ለቪዛ ስትከፍል የጤና ክፍያውን አብራ የከፈለች ሴት ያለ ተጨማሪ ወጪ ትወልዳለች፤ በጎብኚ ቪዛ የገባች ግን ትከፍላለች።

የጎደለው ነገር ሌላ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ቤት በገባሁ ማግስት ባለቤቴ ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፎ እናቴ እያየችው ገንፎ ለማገንፋት ተነሣ። ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ስለገለበጠው ጓጎለ። «ውኃውን መጀመሪያ ቀንስለት፣ የቀነስከውን በኋላ ትመልሰዋለህ» ትለዋለች፣ እሱ ደግሞ የቱን ውኃ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ በመጨረሻ ድስቱን ወደ ካሜራው አዘንብሎ ሲያሳያት እናቴ ዝም አለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውንም የሰማሁት በስልክ ነው። ሰው ለሌላት፣ እናቷም ለማትመጣላት ሴት የምመክረው ነፍሰ ጡር መሆኗን ባወቀች በዚያው ሳምንት ሄባመ መፈለግ እንድትጀምር ነው፤ እጥረት ስላለ በስድስተኛው ወር የጀመረች ብዙውን ጊዜ አታገኝም።

በዚሁ ክፍል ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። በጎጃም ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ተገርዘናል፤ የውጭ አገር አዋላጅ ደግሞ ካልተነገራት የምታውቀው ምጥ ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች በአንዱ መናገር አዋላጇን ያዘጋጃታል፣ ጠባሳ ካለም አስቀድሞ ይታያል። ባል ወይም የጎረቤት ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለዚህ ዓይነቱ ንግግር አይሆንም፤ በእንግሊዝ፣ በስዊድንና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በሙያው የሠለጠነ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይቻላል፣ አማርኛም ከሚገኙት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እናትን ማስመጣት

ይህን መንገድ ሁሉም ይመኘዋል፣ ብዙ ወረቀት የሚጠይቀውም እሱ ነው። ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚሰጠው የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ያስቀምጣል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ይጠይቃል። እንግሊዝ በጎብኚ ቪዛ እስከ 6 ወር ይፈቅዳል። ካናዳ ለወላጆች የተለየ ሱፐር ቪዛ ስላላት እናት በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ልትቀመጥ ትችላለች፤ ስለዚህ ካናዳ ላለች ልጅ ይህ መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከገጠር ለምትመጣ እናት ከባዱ ነገር ተመላሽ መሆኗን ማሳመን ነው። ደመወዝ የላትም፣ የባንክ ሒሳብ ላይኖራት ይችላል። የመሬት ይዞታ ደብተሯን፣ የጋብቻ ማስረጃዋን፣ አገር ቤት የቀሩ ልጆቿን የሚያሳይ ወረቀት አስተርጉሞ ማያያዝ ይረዳል። ስሟ በቀበሌ መታወቂያው ላይ፣ በፓስፖርቱ ላይና በልጇ የልደት ማስረጃ ላይ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ከሆነ ደግሞ ማስተካከያው ወራት ስለሚፈጅ ይህ ሥራ እርግዝናው እንደታወቀ መጀመር አለበት።

የ90 ቀኑ ነገር ሒሳብ ይፈልጋል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40ኛው፣ ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ነው። አያት ክርስትናውን አይታ እንድትመለስ ከተፈለገ፣ ለወንድ ልጅ ከመውለጃው እስከ 50 ቀን ቀደም ብላ ብትገባ እንኳ ይደርስላታል፤ ለሴት ልጅ ግን ትርፉ 10 ቀን ብቻ ነው። እኔ ሴት እንደምወልድ እያወቅሁ፣ ለጥንቃቄ ብዬ ትኬቷን ሦስት ሳምንት አስቀድሜ ቆረጥኩ፤ ልጅቷ ደግሞ አንድ ሳምንት ዘገየች። ገና ምጤ ሳይመጣ 28 ቀን አለቀ። እናቴ በራሷ አቆጣጠር ገና ጊዜ አለ ብላ አልተቸገረችም፤ የልጅ ልጇ በ62ኛ ቀኗ ላይ ሳለች ግን ሻንጣዋን ዘግታ ተመለሰች። ክርስትናውን በቪዲዮ አየችው፤ እስካሁን ስታነሣው ጥፋቱን የምትሰጠው ለቪዛው ነው፣ እኔም አላረምኳትም።

ሁለተኛው ሒሳብ የእርሻው ነው። የእናት ጉዞ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጤፍ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ጊዜ ከሆነ አገር ቤት የሚቀረው ሰው ይጎዳል፤ ወጪው ሲሰላ ለትኬትና ለመድን የሚወጣው ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛ የሚከፈለውም መታሰብ አለበት። የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለባት እናት መድኃኒቷን ለሙሉ ሦስት ወር ይዛ መምጣት ይኖርባታል፤ የጉዞ መድን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የነበረ ሕመምን አይሸፍንም።

እናት ስትመጣ ዕውቀቷም አብሯት ይመጣል፣ ሁሉም ደግሞ እኩል አይደለም። ልጅቷ በተወለደች በአራተኛው ቀን ሄባመዋ ስትመጣ እናቴ በትንሽ ጣቷ ጫፍ ቅቤ ይዛ ወደ ሕፃኗ አፍ ስትጠጋ ደረሰች። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። እኔ መሐል ሆኜ አስተረጎምኩ፤ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቅቤም እንደማያስፈልገው ስነግራት፣ «እናንተን ሁሉ ቅቤ እያላስኩ አይደል ያሳደግኋችሁ?» አለች። አዋላጇ ይህ ሲተረጎምላት ሳቀችና ቅቤው ለሕፃኗ ሳይሆን ለእኔ ገንፎ እንዲውል ጠየቀች፤ በዚህ ሁለቱም ተስማሙ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሻይ አፍልታ ትጠብቃት ጀመር።

ጤና አዳምንና ኮሶን በሚመለከት ግን ቀልድ የለም፤ ሁለቱም ማሕፀንን ሊያኮማትሩ ስለሚችሉ ነፍሰ ጡር ልትወስዳቸው አይገባም፣ ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግም ይቅር። ቡናውም ራሱ ቢሆን ከአቦል እስከ በረካ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ በተለይ የደም ማነስ ክኒን ከምትውጥበት ሰዓት መራቅ አለበት፣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና። ጾሙን የንስሐ አባት ስለሚፈቱላት እሱን ለእሳቸው እተዋለሁ።

አገር ገብቶ መውለድ

ጤነኛ፣ አንድ ልጅ የያዘች፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ያልወለደች ሴት አገር ገብታ ብትወልድ ሞኝነት ነው የሚለውን አልቀበልም። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስም የራሱ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላቸው፤ በመንግሥት የጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። መንታ ለያዘች፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ለታየባት፣ ያለ ጊዜው ወልዳ ለምታውቅ ግን አልመክርም፤ ያለ ቀኑ ለሚወለድ ሕፃን የሚያስፈልገው መሣሪያና የሰው ኃይል እዚያ ካለው ጋር አይነጻጸርም።

መንገዱም ይታሰብ። ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ ከ36ኛው በኋላ አያሳፍሩም፤ ለመንታ ገደቡ 32ኛው ሳምንት ነው። በረጅም በረራ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ በየጊዜው መነሣትና ውኃ መጠጣት፣ ሐኪሙ ካዘዘም የሚያጠብቅ ካልሲ ማድረግ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ደግሞ መሐል ላይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት፣ ስልክና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ በሰላሙ ጊዜ የነበረውን ሒሳብ ይዞ መነሣት አይቻልም። ወደ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት በሚፈጅ በረራ መግባትና ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ከሆስፒታሉ በማይርቅ ቤት መቀመጥ፣ ገጠር ያለውን የቤተሰብ ቤት ከወሊድ በኋላ ማየት ይሻላል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ በመሆኗ ወባ አለባት፤ ዓመታት ውጭ የኖረች ነፍሰ ጡር ያለ አጎበር ማደር የለባትም። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል። የደሟ ዓይነት ኔጌቲቭ የሆነ ሴት ደግሞ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ የሚሰጠውን፣ ደሟ ከሕፃኑ ደም ጋር እንዳይጋጭ የሚከላከለውን የአንቲ ዲ መርፌ ሳትወስድ አትነሣ።

ብዙዎች የማያስቡት፣ በእኔ ግምትም ይህን መንገድ ለአውሮፓ ነዋሪ የሚዘጋው የሕፃኑ ወረቀት ነው። ጀርመን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ካላቸው ወላጆች እዚያው የተወለደ ልጅ ፈቃዱን እዚያው ያገኛል፤ ማርቆስ የተወለደው ግን ከኢትዮጵያ ሆኖ የቤተሰብ ቪዛ መጠበቅ አለበት። ወረፋው ሲረዝም እናትየው ከ6 ወር በላይ ከጀርመን ውጭ ከቆየች የራሷም ፈቃድ ሊወድቅባት ይችላል። ዜግነቱን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ስለዚህ «ኢትዮጵያዊነቱ እንዳይቀር» ብሎ ለመውለድ መምጣት አያስፈልግም። እዚህ የተወለደ ልጅ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ለቪዛውም የሚጠየቀው ያ ምስክር ወረቀት ነው።

ከዓረብ አገር

ከላይ ያለው ንጽጽር ሁሉ በቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ላለች እህታችን አይሠራም። በዚያ የጋብቻ ማስረጃ የሌላት ሴት መውለዷ ከሕግ ጋር ሊያጋጫት፣ ልጁንም ያለ ልደት ማስረጃ ሊያስቀረው ይችላል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የአሠሪና ሠራተኛ ደንቧን ስታሻሽል ለብዙ የውጭ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ መውጣትን ፈቅዳለች፣ የቤት ሠራተኞች ግን ከማሻሻያው ውጭ ሆነዋል። ለእነሱ አገር መግባት ከምርጫዎቹ አንዱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ብቸኛው ነው፤ የሚመረጠው ነገር ጊዜው ብቻ ነው። ሆድ ሳይገፋ፣ የአየር መንገድ ደብዳቤ ሳይጠየቅ፣ ከ28ኛው ሳምንት በፊት መነሣት ይገባል። ፓስፖርቷ በእጇ ከሌለ ቆንስላው ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የጉዞ ሰነድ ይሰጣል። እህቴ የመጣችው በአምስተኛ ወሯ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አሠሪዋ ሐኪም ቤት ስላልወሰደቻት የመጀመሪያ የደም ምርመራዋ የተደረገው ማርቆስ ሲሆን፣ ከባድ የደም ማነስ ተገኘባትና እስክትወልድ ድረስ ታከመች። ቤተሰብም እንዲህ ያለች ልጅ ስትመጣ ስለ ልጁ አባት ከመጠየቁ በፊት ጤና ጣቢያ ቢወስዳት መልካም ነው።

እዚያ ወልዶ እዚህ መታረስ

እናቷን ማስመጣት ላልተሳካላት የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ነዋሪ እኔ የማስቀድመው ይህን ነው። ትወልዳለች፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያለውን የራሷን ምርመራ ታደርጋለች፣ ሕፃኑ የሁለት ወር ክትባቱን ይወስዳል፣ ከዚያ ሁለቱም ይመጣሉ። አርባው ቀን አልፏል እንጂ አራስነቱ አላለፈም፤ እንቅልፍ ያጣች ሴት በሦስተኛው ወርም ብትተኛ አይጎዳትም። ሕፃኑ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ የውጭ ዜግነት ይዞ ከተወለደ ደግሞ ቪዛ ወይም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተፈቀደው ቢጫ ካርድ። ጉዞው ወደ ማርቆስ ወይም ወደ ሌላ ደጋ ቢሆን ለሕፃኑ ከወባ በኩል ይሻለዋል። ባል በሥራ ምክንያት እዚያው መቅረቱ ጉዳቱ ነው፤ ባለቤቴ ይህን ሐሳብ ስነግረው ገንፎው ተምሬዋለሁ ብሎ ተከራክሮኛል።

እናትን ለሚያስመጡ ስለ ሻንጣው አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ውጤት እንዲገባ አይፈቅድም። እናቴ በዘይት ጀሪካን ሞልታ ያመጣችው የጎጃም ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቀረ፤ የገብስ ዱቄቱ፣ ኮሰረቱ፣ ኮረሪማውና ከሁለት ኪሎ ያልበለጠው ማር ግን አለፉ። ጨው የሌለውን የዚያን አገር ቅቤ ገዝተን በኮሰረቱና በኮረሪማው አነጠርነው። እናቴ ሽታውን አልወደደችውም፤ እኔ ግን ገንፎውን እስከ ድስቱ ሥር ጨረስኩት።